ካቆመበት የሚቀጥል ፋንክሽን

ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በኮቦል ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሕይወት የእህታቸው ልጅ ናት፤ የአማርኛ ጽሑፎችን ለምርምር እያጠራች የምታዘጋጅ የፓይተን ፕሮግራመር። ጨዋታው የተጀመረው እሷ ስትሠራ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከጎኗ ኮዱን ሲያነቡ ነው።

ታደሰ፦ ቆይ፣ እስቲ እዚች ጋ ተመለሺ። ይቺ «ዪልድ» የምትለዋ ምንድን ናት? መልስ የሚሰጥ ፋንክሽን «ሪተርን» ይል የለም እንዴ?

ሕይወት፦ ሪተርን ካለ እዚያው ያበቃለታል ጋሼ። መልሱን ሰጥቶ ይወጣል፤ ውስጡ ይዞት የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ዪልድ ሲል ግን መልሱን ሰጥቶ እዚያው ይቆማል። ደግመው ሲጠይቁት ከቆመበት ይቀጥላል።

ታደሰ፦ ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር አይጀምርም?

ሕይወት፦ አይጀምርም። የያዛቸው ቁጥሮች፣ የገባበት ሉፕ፣ የደረሰበት መስመር እንዳሉ ይቆያሉ። ዪልድ ያለበትን ፋንክሽን ጀነሬተር ፋንክሽን ይሉታል።

ታደሰ፦ ዳዊት የሚደግም ሰው ገጹ ላይ ክር አድርጎ ዘግቶ እንደሚሄደው ነዋ።

ሕይወት፦ ይጠጋዋል። ክሩ ግን ገጹን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ይሄኛው አንባቢው ሲያነብ በልቡ የያዘውንም ጭምር ያስቀምጥለታል።

ታደሰ፦ እሺ፣ ገባኝ። ጥቅሙስ? ሜሞሪ ለመቆጠብ ነው እንዳትይኝ ብቻ። ሜሞሪ ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው የሠራነው። ፋይሉ ቴፕ ላይ ነው፤ አንድ ሬኮርድ እናነባለን፣ እንሠራበታለን፣ ቀጣዩን እናነባለን። «ሪድ» ካልን በኋላ «አት ኤንድ» ብለን ፋይሉ ሲያልቅ የሚደረገውን እንጽፋለን። ሙሉውን ፋይል ሜሞሪ ላይ ልጫን የሚል ሰው አልነበረም። ቢልስ የት ሊያደርገው?

ሕይወት፦ ሲያስተምሩን መጀመሪያ የሚነግሩን ግን እሱን ነው። ውሸትም አይደለም። በፓይተን የአንድ ሚሊዮን ቁጥር ሊስት ቢሠሩ የአድራሻዎቹ ቦታ ብቻ 8 ሜጋባይት ይይዛል፤ የቁጥሮቹ የራሳቸው ቦታ ሌላ ነው። ያንኑ ቁጥር አንድ በአንድ የሚሰጥ ጀነሬተር ጥቂት መቶ ባይት ይበቃዋል፤ ሚሊዮኑ ቢሊዮን ቢሆንም ያው ነው።

ታደሰ፦ ይሄማ የእኛን ቴፕ አዲስ ልብስ ማልበስ ነው። እናንተ ሜሞሪ ስለረከሰ ሁሉን በአንዴ መጫን ለመዳችሁ፤ ዳታው ሲበዛባችሁ ደግሞ ወደ እኛ አሠራር ተመለሳችሁ። አዲስ ነገሩ የቱ ጋ ነው?

ሕይወት፦ እንግዲያው ሜሞሪውን ለጊዜው እንተወው። የዘመን መቁጠሪያችንን እንውሰድ። ቀኖችን አንድ በአንድ እየሰጠ የሚሄድ ፕሮግራም ጻፉ ቢባሉ እንዴት ያደርጉታል?

ታደሰ፦ ጽፌዋለሁኮ! ዛሬን ይቀበላል፣ ነገን ይመልሳል። ቀኑ ከ30 ካነሰ አንድ ይጨምርበታል። 30 ከሞላ ወሩን አሳልፎ ቀኑን 1 ያደርጋል። ወሩ 13ኛው ከሆነ ግን ጳጉሜን ናትና በ5 ታልቃለች፤ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ በ6። ያን ጊዜ ዓመቱን ጨምሮ ወሩንም ቀኑንም ወደ 1 መመለስ ነው። ኢፍ በኢፍ ውስጥ፣ ኢፍ በኢፍ ውስጥ።

ሕይወት፦ ሉቃስ መሆኑን በምን ያውቃል?

ታደሰ፦ ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ 3 ከቀረ ሉቃስ ነው። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 2015 ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜንም 6 ሆናለች።

ሕይወት፦ የእኔ ሦስት ሉፕ ነው፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ። የውጭው ዓመት ይቆጥራል፤ ማብቂያ የለውም። መካከለኛው ከ1 እስከ 13 ወሮችን ይቆጥራል። የውስጠኛው ወሩ እስኪያልቅ ቀን ይቆጥራል። ከሁሉም ውስጥ አንዲት መስመር አለች፦ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ዪልድ አድርግ። በቃ፣ ሌላ የለውም።

ታደሰ፦ ማብቂያ የሌለው ሉፕ? ማሽኑ እዚያው ሲሽከረከር ሊኖር ነዋ!

ሕይወት፦ አይሽከረከርም። አንዲት ቀን ሰጥቶ ይቆማል፤ «ኔክስት» ካልተባለ ንቅንቅ አይልም። መቶ ቀን ከፈለግኩ መቶ ጊዜ እጠይቀዋለሁ። ፎር ሉፕ ውስጥ ካስገባሁት ኔክስቱን ሉፑ ራሱ ይጠራልኛል፤ ሲበቃኝ ብሬክ ብዬ እወጣለሁ። ስንት ቀን እንደሚፈለግ የሚያውቀው ጠያቂው ነው፤ ቀን ቆጣሪው ማወቅ የለበትም።

ታደሰ፦ እህ። የእኔ ፕሮግራም በተጠራ ቁጥር ሦስቱን ቁጥሮች አይቶ «አሁን የት ነው ያለሁት? የወር መጨረሻ ላይ ነኝ? ጳጉሜን ውስጥ ነኝ?» እያለ ራሱን እንደ አዲስ ይጠይቃል። ያንቺው አይጠይቅም። የውስጠኛው ሉፕ ውስጥ ከቆመ የውስጠኛው ሉፕ ውስጥ ነው ያለው።

ሕይወት፦ አዎ፣ ኮዱ የዘመን መቁጠሪያውን ቅርጽ ይዞ ተጻፈ። ዓመት ውስጥ ወር፣ ወር ውስጥ ቀን።

ታደሰ፦ ግን የእኔን አትናቂ። የ1966ን መስከረም 2 ሰጥተሽኝ ማግስቱን ብትጠይቂኝ ወዲያው እመልስልሻለሁ። ያንቺው ከተነሳበት ተቆጥሮ መምጣት አለበት።

ሕይወት፦ ልክ ነው። አንድ ቀን ብቻ ለሚፈልግ ሰው የእርስዎ ይሻላል። ጀነሬተር መሐል ገብቶ «አራት መቶኛውን ስጠኝ» አይባልም፤ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኙን ማሳለፍ ግድ ነው። ርዝመቱን ቢጠይቁትም አያውቅም፤ «ለን» ብለው ቢጠሩበት ኤረር ይሰጣል።

ታደሰ፦ መልካም። ይሄን ነገር ማን ነው ያመጣው? ፓይተን ነው?

ሕይወት፦ ፓይተን ዘግይቶ ነው የደረሰው። ባርባራ ሊስኮቭ በኤምአይቲ ከተማሪዎቿ ጋር ክሉ የሚባል ቋንቋ ስትሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ዪልድ የሚል ቃል ነበረበት። በ2008 የቱሪንግን ሽልማት ያገኘችው እሷ ናት። አይከን የሚባለው የራልፍ ግሪስወልድ ቋንቋም ጀነሬተርን የቋንቋው እምብርት አድርጎት ነበር። ወደ ፓይተን የገባው በ2001 መጨረሻ በወጣው 2.2 ላይ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ሰነድ ቁጥሩ 255 ነው፤ ኒል ሼሜናወር፣ ቲም ፒተርስና ማግነስ ሊ ሄትላንድ ናቸው የጻፉት። የማይክሮሶፍቱ ሲ ሻርፕ በ2005፣ ፒኤችፒ በ2013፣ ጃቫስክሪፕት በ2015 ተከተሉ።

ታደሰ፦ ሁሉም የእናንተ ዘመን ሰዎች ናቸው።

ሕይወት፦ ሥሩን ከፈለጉ ግን ወደ እርስዎ ሰፈር ይወስደናል። ሜልቪን ኮንዌይ «ኮሩቲን» የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ጽሑፉ የታተመው በ1963 ነው፤ ስለ ምን መሰለዎት? ስለ ኮቦል ኮምፓይለር።

ታደሰ፦ ስለ ኮቦል?!

ሕይወት፦ አዎ። ኮምፓይለሩን በየክፍሉ ከፋፈለው። አንዱ ፊደሎቹን ያነባል፣ ሌላው ቃል ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ዐረፍተ ነገሩን ይፈታል። እያንዳንዱ ክፍል ልክ ዋናው ፕሮግራም እሱ እንደሆነ ሆኖ ተጻፈ፦ «ግብዓት አነባለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ» እያለ። ሲሠራ ግን አንዱ ቆሞ ለሌላው ተራ ይለቅለታል። ከዚያ በፊት በየመካከላቸው ፋይል እየተጻፈ እንደገና መነበብ ነበረበት።

ታደሰ፦ አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ መሆኑ ቀረ በይኛ። እኛን ያሠቃየን እሱ ነው። ሁለት ሥራ አለሽ እንበል፣ ሁለቱም የየራሳቸው ሉፕ አላቸው። አንዱ ሌላውን ከጠራ የተጠራው ሉፑን መተው አለበት፤ አንድ እርምጃ ሠርቶ መመለስ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ማይክል ጃክሰን የጻፈው መጽሐፍ ነበር፤ ዘፋኙን ማለቴ አይደለም፣ የፕሮግራም ዲዛይኑን ሰው። በ1975 በፈረንጆቹ የወጣ ነው። የሁለቱ ሉፕ ቅርጽ ሲጋጭ አንዱን ፕሮግራም ገልብጠሽ የሌላው ተጠሪ ታደርጊዋለሽ ይላል።

ሕይወት፦ በኮቦል እንዴት ትገለብጡት ነበር?

ታደሰ፦ በእጅ ነዋ! የቆምሽበትን ቦታ የሚይዝ አንድ ቁጥር ታስቀምጫለሽ። ስትወጪ «3» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ስትመለሺ መጀመሪያ ላይ «ጎ ቱ» ... «ዲፔንዲንግ ኦን» ብለሽ ቁጥሩ 3 ከሆነ ወደ ሦስተኛው ፓራግራፍ ትዘያለሽ። የያዝሻቸውን ነገሮች ደግሞ ዎርኪንግ ስቶሬጅ ላይ ታኖሪያለሽ። ከወር በኋላ ያንን ኮድ የሚያነብ ሰው ፈጣሪ ይርዳው።

ሕይወት፦ ጋሼ፣ ዪልድ እኮ እሱ ነው። ያንን ቁጥርና ያንን ዝላይ በእጅዎ መጻፉን ነው ያስቀረልን። ሲ ሻርፕ ውስጥ ኮምፓይለሩ ፋንክሽንዎን ወስዶ የእርስዎን የ«ዲፔንዲንግ ኦን» ዓይነት ነገር ከሥር ያበጅለታል። ፓይተን አይገለብጠውም፤ ፋንክሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ፍሬም ሳይጥል ያቆየዋል። ፍሬሙ ውስጥ ቫሪያብሎቹና የደረሰበት መስመር አሉ።

ታደሰ፦ ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ስለ ሜሞሪ ባልተከራከርንም። ካንቺ ሥራ ምሳሌ አምጪልኝ። የሉፕ ግጭት ያለበትን።

ሕይወት፦ ይኸው፣ ሲያነቡት የነበረው ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ነው፣ ፋይሉ ከዚህ ኮምፒውተር ሜሞሪ ይበልጣል። እኔ የምፈልገው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ፋይሉ የሚሰጠኝ መስመር ነው። አንዱ መስመር ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይኖራል፤ ሌላው ዐረፍተ ነገር ደግሞ አራት መስመር ይይዛል።

ታደሰ፦ ግጭት! መስመር አንባቢው በመስመር ይዞራል፣ ዐረፍተ ነገር ፈላጊው በዐረፍተ ነገር ይዞራል።

ሕይወት፦ ስለዚህ መሐላቸው ጀነሬተር አቆምኩ። «ቅሪት» የሚባል ባዶ ጽሑፍ ይዞ ይነሳል። መስመር ያነባል፣ ቅሪቱ ላይ ይቀጥለዋል። ቅሪቱ ውስጥ አራት ነጥብ እስካለ ድረስ እስከ አራት ነጥቡ ያለውን ቆርጦ ዪልድ ያደርጋል፤ የተረፈው ቅሪት ይሆናል። አራት ነጥብ ሲያጣ ሌላ መስመር ያነባል። ፋይሉ ሲያልቅ ቅሪቱ ውስጥ ነገር ካለ እሱንም ይሰጣል።

ታደሰ፦ ያቺን የመጨረሻዋን የሚረሳ አይጠፋም።

ሕይወት፦ አይጠፋም። አራት ነጥቡስ ቀላል መሰለዎት? ግማሹ ሰው ትክክለኛውን አራት ነጥብ ይጽፋል። ግማሹ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። ሌላው የእንግሊዝኛውን ኮለን ይደጋግማል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ነገሮች።

ታደሰ፦ እሱንም እዚያው ቅሪት ጋ ጨምረሽበታል?

ሕይወት፦ አልጨመርኩም። ሌላ ጀነሬተር ነው፣ ትንሽዬ። መስመር ይቀበላል፣ ነጥቦቹን ወደ አንድ ዓይነት ይመልሳል፣ መስመሩን ዪልድ ያደርጋል። የዐረፍተ ነገሩ ጀነሬተር ከፋይሉ በቀጥታ አይወስድም፤ ከዚህኛው ነው የሚወስደው። ከእሱ በኋላ ደግሞ ከሦስት ቃል ያነሱትን የሚጥል ሌላ አለ። ተቀጣጥለው ቆመዋል። የመጨረሻው «ስጠኝ» ሲል ጥያቄው ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ጣዩ ዐረፍተ ነገር ቆራጩን፣ ቆራጩ ነጥብ አስተካካዩን፣ አስተካካዩ ፋይሉን። አንድ መስመር ይመጣና በየደረጃው አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹን 10 ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ለማየት ብፈልግ ፋይሉ ከመነሻው ትንሽ ብቻ ተነቦ ይቆማል።

ታደሰ፦ አንዱን ለብቻው መፈተሽስ ይቻላል?

ሕይወት፦ ዋናው ደስታ እሱ ነው! ዐረፍተ ነገር ቆራጩ መስመሩ ከፋይል ይምጣ ከሌላ አይጠይቅም። ሦስት መስመር ያለበት ሊስት ሰጥቼ የሚቆርጠውን አያለሁ። ስለ ፋይል፣ ስለ ነጥብ ዓይነት፣ ስለ ብዛት የሚያውቀው አንዳች የለም። እንዲያውም እኔን ቢጠይቁኝ የጀነሬተር ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ሜሞሪው ምርቃት ነው።

ታደሰ፦ አሁን ተስማማን። ግን አንድ ነገር አላማረኝም። ሁሉም የሚንቀሳቀሰው የመጨረሻው ሲጠይቅ ነው አልሽ። ስህተቱስ መቼ ነው የሚወጣው?

ሕይወት፦ አገኙት። የሚያስቸግረው እሱ ነው። ጀነሬተር ፋንክሽንን ሲጠሩት ከውስጡ አንድም መስመር አይሠራም።

ታደሰ፦ አንድም?

ሕይወት፦ አንድም። ጠርተውት የሚያገኙት ጀነሬተሩን ነው፣ ገና ያልተነሳውን። የመጀመሪያው መስመር የሚሠራው የመጀመሪያው ኔክስት ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ «የፋይሉ ስም ባዶ ከሆነ ኤረር ስጥ» ብለው ቢጽፉ፣ ባዶ ስም ሰጥተው ሲጠሩት ዝም ይላል። ጀነሬተሩን ለሌላ ፋንክሽን ያሳልፉታል፣ እሱ ለሌላ ያሳልፈዋል፤ ሁለት መቶ መስመር ርቆ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ፣ አንድ ፎር ሉፕ ሲነካው ያን ጊዜ ይጮሃል። የተሳሳተውን ስም የሰጠው ሰው ግን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

ታደሰ፦ ቼኩን የጻፈው ሌላ፣ ባንክ ሄዶ የተዋረደው ሌላ።

ሕይወት፦ መድኃኒቱ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። የውጭው ተራ ፋንክሽን ይሆናል፣ ዪልድ የለበትም። ስሙን፣ ፋይሉ መኖሩን፣ ሁሉንም ያኔውኑ ይፈትሻል። ከተስማማው ውስጠኛውን ጀነሬተር ጠርቶ በሪተርን ያስረክባል።

ታደሰ፦ ፋይሉን የሚዘጋውስ?

ሕይወት፦ ሌላ ወጥመድ። በ«ዊዝ» ፋይል ከፍተው፣ እዚያው ውስጥ መስመሮቹን የሚሰጥ ጀነሬተር ሠርተው በሪተርን ቢያስረክቡ፣ ሪተርኑ ሲወጣ ዊዙ ፋይሉን ይዘጋዋል። የተረከበው ሰው ሊያነብ ሲል የተዘጋ ፋይል ነው የሚጠብቀው። ዊዙም ዪልዱም አንድ ጀነሬተር ፋንክሽን ውስጥ ከሆኑ ግን ጀነሬተሩ እስኪያልቅ ፋይሉ ክፍት ይቆያል።

ታደሰ፦ እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ይጮሃሉ። ዝም ብሎ የሚያሳስተውን ንገሪኝ።

ሕይወት፦ ማለቁ ነው። ጀነሬተር አንዴ ነው የሚነበበው፤ ወደ ኋላ የለም። ዐረፍተ ነገሮቹን ሰጥተው «ረጅሙ የቱ ነው?» ቢሉ ይነግርዎታል። ቀጥለው በዚያው ጀነሬተር «ጎንደር የሚል ቃል ያለባቸውን አውጣ» ቢሉ ባዶ ሊስት ይመለስልዎታል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ጎንደር የሚል የለም ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ። እንዲያውም «ይሄ ዐረፍተ ነገር እዚህ ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስበላዎታል፤ እስኪያገኘው ድረስ ያለውን ሁሉ አንብቦ ይጥለዋል።

ታደሰ፦ ቴፕስ ቢሆን ይጠቀለል ነበር። ሪዋይንድ።

ሕይወት፦ ጀነሬተር አይጠቀለልም፤ ፋንክሽኑን እንደገና ጠርተው አዲስ መውሰድ ነው። ወይም መጠኑ ልክ ከሆነ ሊስት ማድረግ። እኔ ትንሽ ለሆነ ነገር ሊስት ይሻለኛል ባይ ነኝ። ደግሞ እየቆሙ መነሳት ዋጋ አለው፤ ለጥቂት መቶ ነገር ሊስቱ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ሁሉን ነገር ጀነሬተር ማድረግ የሚወዱ ልጆች አሉ፤ ኮዳቸው ውስጥ የቱ እንዳለቀ የቱ እንዳልተነሳ ለማወቅ ቡና ያስፈልጋል።

ታደሰ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ፋንክሽኑን ከላይ ሳየው ተራ ነው የሚመስለው። «ዴፍ» ብሎ ይጀምራል። ጀነሬተር መሆኑን የማውቀው ወርጄ ወርጄ ዪልድ ሳገኝ ነው። ሲጠሩት የማይሠራ ፋንክሽን ከላዩ ምልክት ሊኖረው አይገባም?

ሕይወት፦ ያኔም ተከራክረውበታል፤ ሰነዱ ላይ የሁለቱም ወገን ሐሳብ ተጽፏል። ለብቻው ሌላ ቃል ይሰጠው ያሉ ነበሩ። ጊዶ ቫን ሮሰም ዴፍ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ጃቫስክሪፕት ግን እንደ እርስዎ አሰበ፤ ፋንክሽን ከሚለው ቃል ጎን ኮከብ ይደረጋል። በፓይተን ዪልዱ ፈጽሞ የማይደረስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ሐሰት የሆነ ኢፍ ውስጥ ቢሆን እንኳ ፋንክሽኑ ጀነሬተር ነው።

ታደሰ፦ እዚህ ላይ ከጃቫስክሪፕቱ ጋር ነኝ። «አት ኤንድ»ስ? ማለቁን እንዴት ያስታውቃል?

ሕይወት፦ «ስቶፕ ኢተሬሽን» የሚባል ኤረር ይወረውራል፤ ፎር ሉፑ ይቀበለውና በሰላም ይወጣል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጣጣ ነበረበት። ጀነሬተሩ ውስጥ ሌላ ነገር ላይ ኔክስት ብለው እሱ ቢያልቅ፣ የእሱ ስቶፕ ኢተሬሽን ሾልኮ ወጥቶ የእርስዎንም ጀነሬተር እንዳለቀ ያስመስለው ነበር። ከ3.7 ወዲህ፣ ማለትም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እንዲህ የሾለከ ነገር ወደ ሌላ ኤረር ተለውጦ ይጮሃል።

ታደሰ፦ ጥሩ አድርገዋል። እዚህ ታች ደግሞ «ሴንድ» የሚል አያለሁ።

ሕይወት፦ በ2006 የመጣ ነው፤ በእሱ ለቆመው ጀነሬተር ነገር ማቀበል ይቻላል። ከዚያ መንገድ ነው ኋላ «አሲንክ» እና «አዌይት» የወጡት። እሱ የሌላ ቀን ጨዋታ ይሁንልን።

ታደሰ፦ ይሁን። መደርደርስ? ዐረፍተ ነገሮቹን በፊደል ተራ ልደርድር ብትዪ ሁሉንም መያዝሽ አይቀርም።

ሕይወት፦ አይቀርም፤ የመጨረሻው ሳይታይ የመጀመሪያው አይታወቅምና። «ሶርትድ» ብለው ጀነሬተር ቢሰጡት ሁሉን አንብቦ ሊስት ይሠራል።

ታደሰ፦ እኛ እኮ ቴፕ እንደረድር ነበር። ሜሞሪው የሚችለውን ያህል ቆርሰሽ ትደረድሪያለሽ፣ ቴፕ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ሌላ ትቆርሻለሽ። በመጨረሻ የተደረደሩትን ታዋህጃለሽ፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ እያየሽ ትንሹን ታስቀድሚያለሽ።

ሕይወት፦ ማዋሃዱ ተዘጋጅቶልናል። ፓይተን ውስጥ «ሂፕኪው» በሚባለው ስር «መርጅ» የሚል ፋንክሽን አለ። አስቀድመው የተደረደሩ ጀነሬተሮች ይሰጡታል፣ እሱም እየተጠየቀ አንድ በአንድ አዋህዶ ይሰጣል። ከየአንዳንዳቸው በእጁ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው።

ታደሰ፦ የአማርኛውን ተራ ያውቃል?

ሕይወት፦ የዩኒኮድ ቁጥራቸውን ነው የሚከተለው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እያለ ስለሚሄድ ከገበታችን ጋር ይስማማል። ፀሐይን በጸ የጻፈና በፀ የጻፈ ግን የተለያየ ቦታ ነው የሚገኙት፤ እሱን ቀድሞ ማስተካከል ነው።

ታደሰ፦ በሌላ ጀነሬተር።

ሕይወት፦ በሌላ ጀነሬተር። ከመደርደሩ በፊት ግን።

ታደሰ፦ መርጁ ውስጥ ያልተደረደረ ቢገባበትስ? ይነግርሻል?

ሕይወት፦ አይነግርም። የተደበላለቀ ነገር ያወጣል፣ ዝም ብሎ።

ታደሰ፦ እንግዲያው ጠባቂ ላቁምለት። ጻፊ፣ እኔ ልንገርሽ። «ያለፈው» የሚባል አለ፣ መጀመሪያ ባዶ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር፦ መስመሩ ከ«ያለፈው» ካነሰ ኤረር ወርውር። አለዚያ መስመሩን ዪልድ አድርግ። ያለፈውን በመስመሩ ተካ። ስንት ሆነ?

ሕይወት፦ ስድስት መስመር። ከመርጁ በፊት እያንዳንዱን ፋይል በእሱ እናሳልፈዋለን። ሜሞሪ ላይ የሚይዘው ያለፈውንና የአሁኑን መስመር ብቻ ነው። ኤረሩ ሲወጣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይናገር?

ታደሰ፦ መናገርማ አለበት፤ ቁጥር ጨምሪበት።

ሕይወት፦ ፋይሉ መኖሩን የሚፈትሸውንስ? ከዪልዱ በላይ ላድርገው?

ታደሰ፦ ኧረ ተይ! እሱ ለብቻው፣ ዪልድ በሌለበት ፋንክሽን።